ትንኝ ወር አትጠብቅም
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በ2011 ዓ.ም. ክረምት ችኩንጉንያ በድሬዳዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በመገጣጠሚያ ሕመም አሠቃየ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከውጭ የገባች የወባ ትንኝ በከተማችን ወረርሽኝ አስነሣች። ሁለቱንም ያመጡት ትንኞች ለውኃ እጥረት ብለን በምናጠራቅምበት በርሜልና ገንዳ ይራባሉ።

ዕድር በየወሩ ጎረቤትን ይሰበስባል፤ በብዙ ሰፈር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለጤና ትምህርት ከዚህ የተሻለ ጉባኤ የለም። ነገር ግን የትንኝ እንቁላል በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ትንኝ ይሆናል። ስለዚህ በወር አንድ ቀን የተማርነውን በየሳምንቱ እንሥራው፤ በርሜሉን እንክደን፤ ውኃው ሲያልቅ ውስጡን እንፈትግ። አቅም ያነሣቸውን የእናቶችንና የአባቶችንም በርሜል እንጠብላቸው። ባልንጀራን መውደድ በሥራ ይታያልና።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።