ነፋስና ሞተር ብስክሌት በአሊዩ አምባ መንገድ
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ጽሑፉን ይዛችሁ የምትከታተሉ፣ ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር አድርጉና አብረን እንሂድ።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሞተር ብስክሌትና ስለ ነፋስ ነው። ሞተር የሚነዳውም፣ ከኋላ ተፈናጦ ገበያ የሚሄደውም ይስማን። ነገሩ የሁለቱንም ሕይወት ይነካል።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አንኮበር ይገኛል። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ አሊዩ አምባ አለች። ላይ ብርድ ነው፤ ታች ሙቀት ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከአሊዩ አምባ በሸሚዝ ብቻ የተነሣ ሰው፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ ጣቱ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በጊዜ አይዝም።

ነፋሱስ ከየት ይመጣል? ቀን ቀን ፀሐይ ቆላውን ታሞቀዋለች። የሞቀ አየር ቀላል ነው፤ ገደሉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። እርጥበት ካለው፣ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል። ማታ ደግሞ የደጋው ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ሸለቆውን ተከትሎ ይወርዳል። ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ላይ መንገዱ በጉም ሊሸፈን የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህ መንገድ የቆየ የንግድ መንገድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ አሊዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበረች። ከሐረርና ከአፋር በኩል ነጋዴዎች ይመጡባት ነበር። ዳገቱን የሚወጣው ጭነት በበቅሎና በአህያ፣ በሰውም ትከሻ ነበር። በቅሎ ገደል ስታይ ትቆማለች። ሞተር ግን የራሱ ዓይን የለውም። ዓይኑ ነጂው ነው።

ታዲያ ነጂው ምን ይመልከት? ነፋስ አይታይም፤ ሥራው ግን እንደ ፊደል ይነበባል። ባሕር ዛፉ ወዴት ጎንበስ አለ? የጎጆው ጭስ ወዴት ተኛ? አቧራው ወዴት ሄደ? ይህን ያነበበ ሰው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። በተለይ ኩርባ ላይ ተጠንቀቁ። ተራራው ከልሎን ቆይቶ፣ ኩርባውን ስንዞር ነፋሱ በድንገት ጎናችንን ይመታል። የነፋስ ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን፣ የሚገፋን ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ፍጥነት እንቀንስ። ጎንበስ እንበል፤ ሞተሩን በጉልበታችን ጠበቅ አድርገን እንያዝ። መሪውን ግን በጣም አንጨብጥ። በራሳችን ቀኝ ሆነን፣ ከገደሉም ጠርዝ ራቅ እንበል።

ሁለተኛ፣ ጭነት ዝቅ ይበል፤ በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። ከፍና ሰፋ ያለ ጭነት ነፋስ ይይዘዋል። ባዶ ጀሪካንም ቢሆን ቀላል ነው ተብሎ አይናቅ።

ሦስተኛ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጃንጥላ አይዘርጋ። የጋቢውንና የነጠላውን ጫፍ ሰብስቦ ይሰር። የተለቀቀ ጫፍ በነፋስ ሄዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት ውስጥ ከገባ፣ ሰውን ጎትቶ ይጥላል። ነጂም ተሳፋሪም ሄልሜት ያድርጉ።

አራተኛ፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለን ሞተሩን አናጥፋ። በዝቅተኛ ማርሽ እንውረድ። ፍሬኑን ኩርባው ሳይደርስ፣ ቀስ አድርገን እንያዝ። ዝናብ ሲጀምር መንገዱ በጣም ያንሸራትታል፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ከውኃው ጋር ይቀላቀላሉና።

አምስተኛ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ላይ ጎርፍ ይመጣል። እዚህ ፀሐይ ቢሆንም፣ የደፈረሰ ውኃ መንገድ ሲያቋርጥ ካያችሁ አትግቡ። እስኪጎድል ጠብቁ። መብረቅ ካለም ከሞተሩ ውረዱ፤ ቤት ግቡ እንጂ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

አሁን ለተሳፋሪዎች አንድ ቃል አለን። ነጂው እኮ ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው በእናንተ ጉትጎታ ነው። “ወንድሜ፣ ገበያው ሊበተን ነው፤ ንካው እንጂ!” ትሉታላችሁ። እሱም ሒሳቡ እንዳይቀርበት፣ ፈሪ እንዳይባልም ይነካዋል። ነጂው “እማማ፣ ጉሙ እስኪገለጥ እዚህ ደጅ እንረፍ” ሲላችሁ ግን፣ “እሺ ልጄ፣ ተባረክ” በሉት። እንዲህ ያለው ነጂ ሥራውን ያውቃል። በሚቀጥለውም ጊዜ ከእሱ ጋር ሂዱ።

“የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ከገደል የወደቀ ሰው ግን አይለቀምም። ገበያው በሚመጣው ሳምንትም ይቆማል። ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰውየውን ነው።

በሰላም ግቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ነፋስ ከየት እንደሚመጣ በምን እናውቃለን?
2. የጋቢና የነጠላ ጫፍ ለምን ይታሰራል?
3. እዚህ ሳይዘንብ ጎርፍ የሚመጣው ለምንድን ነው?
4. በመንደራችሁ መንገድ ነፋስ የሚበረታው የት ላይ ነው? ስሙን ጻፉ።