በጣትህ ፈርም ሲሉህ



ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለው አራዳ የኅትመት ሰፈር ነው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እንኳ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙው ክፍል ሲፈርስ ትንንሾቹ ቤቶች ወደየሰፈሩ ቢበተኑም፣ ወረቀት መቁረጫው አብሯቸው ሄዷል። መቁረጫ ደግሞ ጣትና ወረቀት አይለይም።

አደጋ ሲደርስ ፈጥኖ የሚሰማው «ራሱ ነው ያጠፋው» የሚለው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን እንዲህ አይልም። አሠሪው ባያጠፋም ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር። ሰክሮ መሥራትና በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም እንደዚያው ይቆጠራሉ፤ ይህቺን አደራ!

ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው። ሠራተኛው እስኪያገግም፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለተከታዮቹ 3 ወራት ከመቶ 75፣ ለቀሩት 6 ወራት ከመቶ 50 ሳያንስ ይከፈለዋል። ጉዳቱ የማይድን ከሆነ ካሣም አለ።

ታዲያ ቁስሉ ሳይሽር ጥቂት ብር ይዘው መጥተው፣ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢዘረጉለትስ? ጣቱን ቀለም ከማስነካቱ በፊት ያስነብበው። ፊደል የቆጠራችሁ ልጆች፣ ለአባታችሁ ቃል በቃል አንብቡለት፤ ቀኑንም፣ የብሩንም ልክ።