ብስክሌት ለመንዳት አሠልጣኝ ያስፈልገናል ወይ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዴር ሡልጣንን ተሳልማችሁ በደማስቆ በር በኩል ወደ ኢትዮጵያ መንገድ በብስክሌት ለመመለስ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የነቢያት መንገድ ዳገት ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። «እኛ የደጋ ልጆች ነን» የሚለው ኩራት እዚያ ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆኑም፣ ለዓመታት ወንበርና አውቶቡስ የለመደ ሰውነት የደጋውን ትንፋሽ ረስቶታል። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ስኳርና የደም ግፊት በመካከላችን መብዛቱንም ሐኪሞች ደጋግመው ነግረውናል። ስለዚህ ብስክሌት መጀመራችሁ ያስመሰግናችኋል። ጥያቄው «አሠልጣኝ ልቅጠር ወይስ በራሴ ልሞክር?» የሚለው ነው።

በቅድሚያ የራሴን ስሕተት ልናገር። ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ ብስክሌት ገዛሁ፤ በሳምንቱም አሠልጣኝ ቀጠርሁ። ለልጃችን ትምህርት ካስቀመጥነው ገንዘብ ላይ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ሰጠሁት። ሰውየው ለሃያ ዓመት ወጣት የሚሰጠውን ፕሮግራም ለእኔም ሰጠኝ። ስለ ጤናዬ አልጠየቀኝም፤ እጾማለሁ ብለውም አልሰማኝም። በስድስተኛው ሳምንት ጉልበቴ አበጠ። ኩፓት ሆሊም ስሄድ ደግሞ የደም ግፊቴ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ «ገንዘቡስ ይሁን፤ ወድቀህ ብትቀርብንስ?» አለችኝ። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። እኔም ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ነበር የቀጠርሁት።

ይህን ስል አሠልጣኝ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶን ሲያሸንፍ አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። በ2018 ታላቁ የጂሮ ዲታሊያ ውድድር ከዚሁ ከከተማችን ሲጀመር፣ 9.7 ኪሎ ሜትሩን በየተራ የነዱት ስፖርተኞች ከኋላቸው አሠልጣኝ፣ ሐኪምና መካኒክ ነበራቸው። ለእነርሱ ግን እንጀራቸው ነው። የእኛ ዓላማ ዳገቱን ሳናለከልክ መውጣትና ለልጆቻችን መኖር ነው።

አሠልጣኝ የሚሰጣችሁ እግር አይደለም፤ ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ከፈቀደላችሁ ለስድስት ሳምንት በራሳችሁ ንዱ። ለጀማሪ በ1892 የተከፈተው የያፋና የኢየሩሳሌም ባቡር ሐዲድ ያለፈበት፣ ዛሬ ፓርክ ሃመሲላ የሆነው መንገድ ይመቻል፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱ ለስላሳ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር እየተጨዋወታችሁ መንዳት በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ። መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ቀጥ ካላለ፣ ኮርቻው ዝቅ ብሏልና ከፍ አድርጉት፤ ብዙ የጉልበት ሕመም ከዚህ ይመጣል። የነዳችሁበትን ደቂቃ፣ የልብ ምታችሁን፣ እንቅልፋችሁንና የሚያማችሁን በደብተር ጻፉ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ግለጡት። ካልነዳችሁ፣ የጎደለው አሠልጣኝ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ገንዘባችሁን ያዙ። እየነዳችሁ እየተሻሻላችሁ ከሆነም፣ በያዛችሁት ቀጥሉ። በትጋት ነድታችሁ ለውጡ ከቆመ፣ ሕመም ከተመላለሰባችሁ፣ ወይም ቀኑ የተቆረጠ ውድድር ካለባችሁ ግን ያን ጊዜ አሠልጣኝ ዋጋ አለው።

ስትቀጥሩም የምስክር ወረቀቱን ጠይቁ። የእስራኤል የ1988 የስፖርት ሕግ አሠልጣኝ ለሥራው የተመሰከረለት እንዲሆን ያዛል። አሠልጣኞችን ከሚያስተምሩት ተቋሞች አንዱ ዊንጌት ይባላል፤ ስሙም በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው የኦርድ ዊንጌት ነው። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ስሙን ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። ከወረቀቱ ቀጥሎ ጆሮውን ፈትኑ። ስለ ሕመማችሁ፣ ስለ ጾማችሁና ስለ ሥራ ሰዓታችሁ ሳይጠይቅ ፕሮግራም የሚሰጣችሁን አመስግናችሁ ተሰናበቱት። ከአንድ ወር በላይ በቅድሚያ አትክፈሉ።

የብቻ ክፍያ የሚከብድ ከሆነ እንደ እቁብ ተሰባሰቡ። አራት አምስት ሆናችሁ፣ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ደብተራችሁን የሚያይላችሁ አንድ አሠልጣኝ ብትይዙ ለእያንዳንዳችሁ ይቀልላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው?

እኔ አሁን ብቻዬን ነው የምነዳው፤ መድኃኒቴንም እወስዳለሁ። ባለፈው ወር የነቢያት መንገድን ሳልወርድ ወጣሁት። ደብተሬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ማየት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ጠይቁኝ።