«ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ሲሉህ
(ለወጣቶች የተደረገ ንግግር፣ ጽሑፉ እንዳለ)

ዛሬ ስለ ታሪክ አላወራም፣ ስለ ሰንደቅም አላወራም። የማወራው ስለ 48 ሰዓት ነው።

እዚህ ካለነው ውስጥ ጣቢያ አድሮ የማያውቅ ብዙ አይደለም። ታስሮ መፈታት ጀብዱ ሆኖ ፎቶ ይለጠፍበታል፣ «ጀግናው ተፈታ» ይባላል። እሺ፣ ጀግናው፤ በምን ተጠርጥረህ ነበር? ስንት ቀን ቆይተህ ዳኛ ፊት ቀረብክ? ምን ላይ ነው የፈረምከው? ሲባል ዝም። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ፣ ስለዚህ ልወቅሳችሁ አልመጣሁም።

ከስልኩ እንጀምር። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ ብቅ በል» ይሉሃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 25 ፖሊስ ተጠርጣሪን የሚጠራው በጽሑፍ ነው ይላል። «መጥሪያ ይድረሰኝ» ማለት መብትህ ነው። መጥሪያው ደርሶህ ግን አልሄድም ብትል፣ በሚቀጥለው አንቀጽ መሠረት መያዝ ይመጣል። ስለዚህ ሂድ፤ ስትሄድ ግን ለሰው ተናግረህ ሂድ።

ደግሞ እኛ ጋ የሚዞር አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ፦ «ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ማንም አይነካህም» የሚል። ልጆች፣ ይሄ እውነት አይደለም። እጅ ከፍንጅ ስትገኝ፣ ወይም ከ1 ዓመት ባላነሰ እሥራት በሚያስቀጣ ወንጀል በበቂ ምክንያት ስትጠረጠር፣ ያለ ማዘዣ ሊይዙህ ሕጉ ይፈቅዳል። በዚህ ወሬ ተማምኖ ከፖሊስ ጋር የታገለ ልጅ በሌላ ወንጀል ተጨማሪ ክስ ነው የሚያተርፈው። አትታገል። ጠይቅ፤ «የተያዝኩት ለምንድን ነው?» በል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ምክንያቱ ወዲያውኑ፣ በምትረዳው ቋንቋ ይነገርህ ይላል።

ቤትህን ሊፈትሹ ሲመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መርሁ ማዘዣ ነው፣ ያለ ማዘዣ የሚፈተሽባቸው ሁኔታዎች የተወሰኑ ናቸው። በማዘዣ ሲሆንም ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ቃል መስጠት።

ተማሪ ሳለሁ ተያዝኩ። ቦታውንም ጣቢያውንም አልጠራም። ሌሊት ነበር፣ ራብም እንቅልፍም አናውዞኛል። መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም «አንተ እኮ የጨዋ ልጅ ነህ፣ ፈርምና ጠዋት ቤትህ ትገባለህ» አለኝ። እኔ የተናገርኩት «ሰው ተሰብስቦ አይቻለሁ» ብዬ ነው። ሳላነብ ፈረምኩ። ፍርድ ቤት ሲነበብ «ከተሰበሰቡት ጋር ነበርኩ» ሆኖ ተገኘ። ያቺ አንዲት ቃል 14 ቀን የጊዜ ቀጠሮ አስጠየቀችብኝ። እናቴ 14ቱንም ቀን ስንቅ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጉልበቷ ዛሬም ያማታል።

ያኔ ብገነዘብ ኖሮ፣ «ፈርምና ትገባለህ» የሚለው ተስፋ ራሱ ክልክል ነበር። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 31 ማባበልንም፣ ማስፈራራትንም፣ ተስፋ መስጠትንም በአንድነት ይከለክላል። ስምህንና አድራሻህን ተናገር። ከዚያ በኋላ «ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» ብለህ ማቆም ትችላለህ። ዝምታህ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። ልናገር ካልክ ደግሞ እያንዳንዷን መስመር አንብብ፣ ያላልከው ካለ እስኪታረም አትፈርም። በግዳጅ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን በአንቀጽ 19 ተጽፏል፤ ግን መገደድህን ዳኛው ፊት ካልተናገርክ ማን ያውቅልሃል? የተመታህ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ተናገር፣ ጠባሳው ሳይጠፋ ሐኪም እንዲያይህ ጠይቅ።

48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተያዝክበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ከዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም። ዓርብ ማታ ይዞ እስከ ማክሰኞ ማቆየት የተለመደ ሆኗል፣ ተለመደ ማለት ግን ሕግ ሆነ ማለት አይደለም።

ስትቀርብ ፖሊስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ሕጉ ጣሪያ አላስቀመጠም፣ ቀዳዳውም እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቀጠሮ ሲጠየቅ በትሕትና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለፈው የተሰጠው ጊዜ ምን ተሠራበት?» በል። የቀረው ሥራ ምስክር መስማት ብቻ ከሆነ፣ አንተን አስሮ ማቆየት ለምን እንዳስፈለገ ይብራራልህ። ዋስትናም ጠይቅ። ዋስትና መብት ነው፣ የሚከለከለው በሕግ በተጠቀሱ ምክንያቶች ነው። ከተከለከልክ ይግባኝ የምትልበት 20 ቀን አለህ፤ ብዙ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀኑ ያልፍበታል።

ውጭ ያለነውስ? እኛ ሃሽታግ እንጽፋለን፣ እሱም ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ጣቢያ ሂዱ። አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። «እዚህ የለም» ከተባላችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማን እንዳላችሁ ጻፉ። 48 ሰዓት ካለፈ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ያቺ ማስታወሻ የአቤቱታው ጀርባ አጥንት ናት።

«ይሄ ሁሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ 48 ሰዓቱ በአዋጁ ሊገደብ ይችላል። አንቀጽ 18 ግን፣ ማለትም ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት፣ በአዋጅም አይነካም፤ አንቀጽ 93 ስሙን ጠርቶ አግልሎታል። ማንም መርማሪ «አሁን አዋጅ ነው» ብሎ እጁን ሊያነሳብህ ሕግ የለውም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ብትያዙ መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው ማን ነው? ቁጥሩን በቃል ይዛችሁታል? ስልኩን ይወስዱታል እኮ። እኔ ያኔ የእናቴን ቁጥር እንኳ በቃሌ አላውቀውም ነበር።