የግብር ቅናሽና የምርምር ሥራ፤ ከካምፓላ የሚገኝ ትምህርት



ስለ ግብር መናገር የገንዘብ ሹማምንት ድርሻ ነው እንጂ የመምህራን አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መንግሥት ለነጋዴ የሚተውለት ግብር ሁሉ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለሐኪም ቤት ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ምርምርን ለማበረታታት ተብሎ ግብር ሲቀነስ፣ ቅናሹ ለማን እንደ ደረሰና ምን ዕውቀት እንዳስገኘ መጠየቅ ለመምህር የተገባ ነው።

ይህ ዓይነቱ ማበረታቻ በብዙ አገሮች የተለመደ ሲሆን መንገዱ ግን ይለያያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 ለጊዜው ብላ የጀመረችውን ቅናሽ ደጋግማ ካራዘመች በኋላ በ2015 ቋሚ አደረገችው። ፈረንሳይ ከ1983 ጀምሮ ለምርምር ከወጣው ገንዘብ ከፊሉን ከሚከፈለው ግብር ላይ ትቀንሳለች፤ ዛሬ ትንሹ ድርጅት የሚከፍለው ግብር ከቅናሹ ቢያንስ፣ የተረፈው በገንዘብ ይመለስለታል። ደቡብ አፍሪካም ከ2006 ወዲህ፣ ለተፈቀደ ምርምር 100 ራንድ ያወጣ ድርጅት 150 ራንድ እንዳወጣ ተቆጥሮ ከገቢው እንዲቀነስለት አድርጋለች።

ወደ ኡጋንዳ ስንመለስ፣ በ1997 የወጣው የገቢ ግብር ሕግ አንድ ድርጅት ንግዱን ለማሻሻል ለሳይንስ ምርምር ያወጣውን ወጪ ከገቢው ላይ እንዲቀንስ ይፈቅዳል። የድርጅት ግብር ከመቶ 30 ስለ ሆነ፣ 100 ሺልንግ ለምርምር ያወጣ አትራፊ ድርጅት 30 ሺልንግ ግብር ይቀርለታል፤ የቀረውን 70 ሺልንግ ግን ራሱ ይሸከማል።

አትራፊ ያልሆነውስ? በካምፓላ ከተማ፣ ካትዌ በሚባለው ሰፈር፣ ብረት እየቀጠቀጡና እየበየዱ ልዩ ልዩ መሣሪያ የሚሠሩ ብዙ የእጅ ባለሙያዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ወፍጮውን ለማሻሻል ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሦስት ጊዜ ቢያፈርሰው፣ ሥራው በእውነት ምርምር ነው። ዳሩ ግን ዓመታዊ ሽያጩ ከ150 ሚሊዮን ሺልንግ በታች የሆነ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ በአብዛኛው በሽያጩ ልክ የሚተመን ስለ ሆነ፣ የምርምር ወጪ አይቀነስለትም። ለእርሱ ሕጉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

በዚያችው ከተማ በ1922 የተቋቋመው ማኬሬሬ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና መምህራን በ2011 ኪራ የተባለች፣ ሁለት ሰው የምትይዝና በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ሠርተው አሳዩ። በ2016ም ከዚሁ ሥራ የተወለደው ድርጅት ካዮላ የተባለውን በፀሐይ ኃይል የሚታገዝ አውቶቡስ ለሕዝብ አቀረበ። ሥራውን ያስጀመረው ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ ገንዘብና በትምህርት የሠለጠነ እጅ ነው እንጂ የግብር ቅናሽ አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የግብር ቅናሽ ትርፍ ያለውንና መርማሪ የቀጠረውን ድርጅት ያተጋዋል፤ ትርፍ የሌለውን ግን አይደርስለትም፤ መርማሪም አይወልድም። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ቅናሹ ለትንሹ ባለሙያ በገንዘብ የሚደርስበትን መንገድ ቢፈልጉ፣ የትምህርት ሹማምንትም የሙያ ትምህርት ቤቱን ከባለ እጁ ሠራተኛ ጋር ቢያገናኙ፣ የተተወው ግብር ፍሬ ያፈራል።

የመምህሩ ድርሻ ግን ከሁሉ ይቀድማል። «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የጠየቀውን ሕፃን ዝም በል ያለ መምህር፣ ምንም ያህል ግብር ቢቀነስ የማይተካ መርማሪ አጥፍቷል። ጥያቄውን ተቀብሎ «እስኪ ፈትነህ እይ» ያለው ግን፣ ለአገሩ የምርምርን መሠረት ጥሏል።