ቀያሹ ሊንከን
(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «አጠር አርገህ ስለ ሙያህ ንገረን» ብለውኛል። ቀያሽ ነኝ። ስለ ራሴ ከማወራ ግን ስለ አንድ የሙያ ባልደረባችን ላውጋችሁ። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አብርሃም ሊንከን ይባላል።

ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1832፣ በ23 ዓመቱ፣ ለኢሊኖይ ምክር ቤት ተወዳድሮ ወደቀ። በሚኖርባት በኒው ሳሌም ከ300 ገደማ ድምፅ 277ቱን አግኝቶ ነበር፤ ራቅ ብሎ ግን ማን ያውቀዋል? ከሸሪኩ ጋር የያዘው ሱቅም ከስሮ ዕዳ ውስጥ ከተተው። ኢሊኖይ ያኔ ሰፋሪ የሚጎርፍባት ጠረፍ ስለነበረች ቀያሽ ይፈለግ ነበርና፣ በ1833 የሳንጋሞን ካውንቲ ቀያሽ ጆን ካልሁን ረዳቱ አደረገው። ካልሁን የተቃራኒ ወገን ፖለቲከኛ ነበር፤ ሥራውን ግን ለሊንከን ሰጠው። ሊንከን ቅየሳ አያውቅም፤ ከመጽሐፍ ተማረ፣ ኮምፓስና ሰንሰለት አገኘና ሥራ ጀመረ።

የዘመኑ ሰንሰለት 66 ጫማ፣ ማለትም 20 ሜትር ያህል ነው። ሊንከን እሱን ይዞ ድንበር ለየ፣ መንገድ ቀየሰ፣ ኋላም የፒተርስበርግን ከተማ ሸነሸነ። አበዳሪው ከሶት ፈረሱና መሣሪያው በሐራጅ ሲሸጡ አንድ ወዳጁ ገዝቶ መለሰለት። በ1834 ዳግም ተወዳድሮ አሸነፈ፤ በተከታታይ አራት ጊዜም ተመረጠ።

በእኔ እምነት ቅየሳው ከየገበሬው ደጅ አድርሶታል። ድንበር የሚለካ ሰው የሁለቱንም ጎረቤት ቃል ይሰማል፤ ሁለቱም ካላመኑት ችካሉ በማግስቱ ይነቀላል።

እኛ አገር የቀያሽ ትዝታ ሌላ ነው። በምኒልክ ዘመን በደቡብ ቀላድ ሲጣል፣ ብዙ ገበሬ አያቶቹ ባረሱት መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ልኬታው ልክ ቢሆን እንኳ እሱን የጠየቀው አልነበረም። ዛሬም መሣሪያዬን ስተክል አንዳንድ ሽማግሌ «ልትወስዱብን ነው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁ ጂፒኤስና ድሮን ይዘው መውጣታቸው ደስ ይላል። ከዚያ በፊት ግን ከሁለቱ ባለይዞታዎችና ከአገር ሽማግሌ ጋር ድንበሩን በእግር መዞርን አስተምሩልን፤ ማርክም ይሰጥበት። ከመካከላችን ምርጫ ለመወዳደር ያሰበ ካለም፣ እሱም አብሮ ይዙር።