ለውሾች በቤት ስለሚሰናዳ የበረዶ ምግብ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



የንግግራችን አርእስት በፕሮግራሙ ላይ በተነበበ ጊዜ ከአዳራሹ ሣቅ መሰማቱ አላመለጠንም። ሌሎቹ ክፍሎች ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ሲናገሩ እኛ ስለ ውሻ በረዶ ለመናገር መነሣታችን በእርግጥ ያሥቃል። መሣቁን አንከለክልም፤ ከሣቁ በኋላ ግን ጥቂት ደቂቃ እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን።

ይህን ርእስ ስንመርጥ ከወላጆቻችን መካከል «ሰው በሚራብበት አገር ለውሻ አይስክሬም መሥራት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» ብለው የጠየቁን ነበሩ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ወተትና ስኳር ፈሶበት፣ ገንዘብ ወጥቶበት የሚሠራ ነገር ቢሆን ኖሮ እኛም ከጠያቂዎቹ ጋር በቆምን ነበር። ነገር ግን እኛ የምንናገርለት በረዶ ከሚጣል አጥንት፣ ከዱባ ቍራጭና ከውኃ የሚሠራ ነው። ደግሞም ውሻ በቤታችን በነፃ የሚቀለብ እንግዳ አይደለም። እኛ ተኝተን ሳለ እርሱ ደጁን ሲጠብቅ ያድራል፤ በገጠርም በጉንና ፍየሉን ከጅብና ከቀበሮ ያድናል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችን ታማኝነቱን ይመሰክርለታል፤ የበላው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። እኛ ዛሬ ልንናገርበት የፈለግነው ይኸው የሚበላው ነገር ነው፤ በረዶው ለዚህ ምክንያት ሆነልን።

ሰው ሲሞቀው መላ ሰውነቱን ያልበዋል፤ ላቡም ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። በጠጉር የተሸፈነው የውሻ ገላ ግን እንዲህ አያልበውም፤ ጥቂት ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ዋናው መንገድ ማለክለክ ነው። ምላሱን አውጥቶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ከምላሱ፣ ከአፉና ከአፍንጫው የሚተነው ውኃ ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ነገሩ ያሠጋል። እንደ ድሬዳዋ፣ እንደ መተሐራና እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ አገር በቆርቆሮ አጥር ሥር በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ የመጠጥ ውኃው የተደፋበት እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስበት ለማሰብ አያዳግትም። በአንጻሩ ደግሞ ለደብረ ብርሃን ውሻ በኅዳር ማለዳ በረዶ ማቅረብ ሥራ ማጣት ነው።

በፊዚክስ ትምህርት የተማርነውን ይዘን አንድ ስሌት አድርገናል። አንድ ግራም በረዶ ለመቅለጥ 80 ካሎሪ ሙቀት ይወስዳል፤ የቀለጠውም ውኃ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ ውሻው ሙቀት እስኪደርስ 38 ካሎሪ ያህል ይጨምራል። (ይህ ካሎሪ በምግብ መጠቅለያ ላይ ከሚጻፈው ካሎሪ በአንድ ሺህ እጅ የሚያንሰው ነው።) እንግዲህ 50 ግራም በረዶ 5,900 ካሎሪ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ሙቀት 20 ኪሎ ከሚመዝን ውሻ ሰውነት ቢወሰድ፣ ውሻው የሚቀዘቅዘው በአንድ ዲግሪ ሢሶ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘነው። ስሌቱን ስንጨርስ ጥቂት አዘንን፤ የበለጠ ጠብቀን ነበርና። ስለዚህ በረዶ ጥላንና ንጹሕ ውኃን ከቶ አይተካም፤ በረዶ ሰጥቶ ፀሐይ ላይ አስሮ መሄድም ውሻውን አያድነውም። የበረዶው ጥቅም ሌላ ነው። ውኃ ለመጠጣት የሰነፈ ውሻ የመረቅ ሽታ ያለውን በረዶ ሲልስ ሳያውቀው ውኃ ይወስዳል፤ ታስሮ በመዋል የሚመጣበትንም መሰልቸት ለጥቂት ጊዜ ይረሳል። የረጋ ነገር ሽታው ደካማ ነው፤ እየቀለጠ በሄደ ቁጥር ግን ሽታው እየወጣ ይስበዋል። ውሻም ምግቡን የሚያውቀው ከምላሱ ይልቅ በአፍንጫው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የበሬ ወይም የበግ አጥንት በንጹሕ ውኃ ለሁለት ሰዓት ያህል ይቀቀላል። ጨው፣ በርበሬ፣ ቅመምና ቅቤ አይገባበትም፤ ከሁሉም በላይ ሽንኩርት አይገባበትም። ይህን ስንል እናቶቻችን እንደሚገረሙ እናውቃለን፤ በአገራችን ወጥ ያለ ሽንኩርት አይታሰብምና። ነገር ግን ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርስ ነገር አለበት። ጉዳቱ ወዲያውኑ ስለማይታይ ሽንኩርቱን የሚጠረጥር አይገኝም፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱም ይጠቍራል። በብዙ ቤት የዶሮ ወጥ ትራፊ በእንጀራ ተጠርጎ ወደ ውሻው ሳሕን ሲገለበጥ ይታያል። የሰጪው ልብ ደግ ነው፤ በሳሕኑ ያለው ግን ለውሻው መርዝ ነው።

መረቁ ሲበርድ በላዩ የሚረጋው ስብ ይገፈፋል፤ ብዙ ስብ የውሻን ቆሽት ያሳምማልና። የተቀቀለውም አጥንት ለውሻው አይሰጥም። በዚህ ብዙዎች አይስማሙንም፤ ውሻና አጥንት አብረው የተፈጠሩ ይመስላቸዋል። አጥንት ሲበስል ግን ይደርቅና ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ በተለይም የዶሮ አጥንት ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል። መረቁን ወስዶ አጥንቱን መቅበር ይሻላል።

እዚህ ላይ ከርእሳችን ጥቂት የራቅን ብንመስልም ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። በዐዲስ ዓመት፣ በገና፣ በፋሲካና በዐረፋ በየግቢው በግ ይታረዳል። በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የተገኘ እንደ ሆነ አራጁ «ይህ ለሰው አይሆንም» ይልና ቆርጦ ለውሻው ይወረውረዋል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው፣ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነው፣ በሳይንስ ስሙ ኤኪኖኮከስ የሚባለው ትል ዕጭ ነው። ዕጩ በውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ ርዝመቱ አንድ ሳንቲሜትር የማይሞላ ትል ይሆናል፤ ውሻውንም እምብዛም አያሳምመው። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጠጉሩ፣ በሣሩና በአፈሩ ላይ ይቀራል። ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቈርስ ልጅ እንቁላሉን ሊውጥ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይወጣበታል። አንዳንዱ ከረጢት በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወገድም። ይህ በሩቅ አገር ያለ በሽታ ሳይሆን በእኛው አገር የሚገኝ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉበትና ሳንባ 30 ደቂቃ መቀቀል ዕጩን ለመግደል የሚረዳ ቀላል መንገድ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። እኛ ግን ከረጢት የታየበትን ሥጋ ለበረዶው ከነጭራሹ አንጠቀምበትም፤ ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበሩን እንመርጣለን። ማንም ሰው «ፍሪዘር ይገድለዋል» ብሎ ተማምኖ ጥሬውን እንዳያስገባ አደራ እንላለን። ለውሾችም በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት፣ ልጆችንም እጅ ማስታጠብ የዚሁ ሥራ ክፍል ነው።

ወደ በረዶው እንመለስ። የቀዘቀዘው መረቅ በፕላስቲክ ኩባያ ይቀዳል። እስከ አፉ አይሞላም፤ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ስለሚሰፋ ብርጭቆ የሆነ እንደ ሆነ ይሰነጠቃል። የቆርቆሮ ጣሳ ደግሞ ጠርዙ ምላስ ይቈርጣል። በፍሪዘር ውስጥ ካደረ በኋላ ኩባያው ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ሲነከር በረዶው ይለቃል። መጠኑ ውሻው በአንድ ጊዜ ሊውጠው የማይችል ትልቅ መሆን አለበት፤ ትንሽ ከሆነ ያንቀዋል። ድፍን የውኃ በረዶን በኃይል የሚነክስ ውሻ ጥርሱን ሊሰብር ስለሚችል፣ የተፈጨ ዱባ ወይም ሙዝ ገብቶበት ለስለስ ያለው ይመረጣል።

እኛ ልጆች የምንወደውን በእንጨት ላይ የረጋ በረዶ የፈጠረው ፍራንክ ኤፐርሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ዓመት፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጣፋጭ መጠጥ ከነማማሰያው ደጅ ረስቶት ቢያድር ረግቶ እንዳገኘው ይተረካል፤ የፈጠራ መብቱንም በ1924 አስመዝግቧል። ለውሻ በሚሠራው ግን እንጨቱ ይቀራል፤ ሰብሮ ይውጠዋልና። በእንጨቱ ፈንታ ወፍራም ካሮት መትከል ይቻላል።

በጾም ወራት አጥንት ከቤት ሲጠፋ የተቀቀለ ዱባ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ እንዲሁም ፍሬው የወጣለት ሐብሐብና ፓፓያ ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ሊረጋ ይችላል። ስኳር የሌለበት እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ቢጨመርበት አይጎዳም፤ ወተት ግን ብዙዎቹን ውሾች ያስቀምጣቸዋል። የኦቾሎኒ ቅቤ ውሾች እጅግ ይወዳሉ፤ ነገር ግን ከውጭ አገር በሚመጣው አንዳንድ ቅቤ ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ስለሚገኝ፣ ይህም ውሻን በጥቂቱም ቢሆን ሊገድለው ስለሚችል፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ቸኮላታ፣ ቡናና የቡና አተላ፣ የወይን ፍሬና ዘቢብ፣ ጠላና የጠላ አተላ፣ ያልተጋገረ ሊጥ፣ እነዚህ ሁሉ ለውሻ የተከለከሉ ናቸው። የተፈቀደውም ቢሆን ከዕለት ምግቡ ከዐሥር እጅ አንዱን ባያልፍ መልካም ነው።

በሙቀት የተመታ ውሻ ግን በረዶ በአፉ አይከተትበትም። የሚንገዳገድ፣ የሚያስታውክ፣ ማለክለኩን ማቆም ያቃተው ውሻ ያየን እንደ ሆነ ወደ ጥላ ወስደን ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፣ ማራገብ፣ ሳንዘገይም ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ይገባናል። ሆኖም ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ የተሳነው፣ ጠባዩም የተለወጠ ውሻ ሁሉ የሞቀው አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ማንም ልጅ በረዶ ይዞ እንዳይቀርበው። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ክትባቱን በሰው ላይ ከሞከረ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ ዛሬም በአገራችን ሰው ይሞትበታል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብ ከማንኛውም በረዶ ይቀድማል።

ስለ መብራት መጥፋት ሳንናገር ብንቀር ትሥቁብናላችሁ። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ መብራቱ ለረጅም ጊዜ የጠፋ እንደ ሆነ ግን መረቁ ቀልጦ ሊሞቅ፣ ባክቴሪያም ሊራባበት ይችላል። እንዲህ የሞቀውን መረቅ እንደገና ማርጋት አይገባም፤ መርጋት ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውምና። ስለዚህ ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃውን ያህል ብቻ መሥራት ይሻላል።

ፍሪጅ በሌለበት ቤት ያላችሁ ጓደኞቻችን ደግሞ «ይህ ሁሉ ለእኛ አይደለም» እንዳትሉ። በእንስራ ያደረ ውኃ ከባልዲው ውኃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ቀዳዳ እየሰረገ በላዩ ስለሚተን ነው፤ ይህም በውሻው ምላስ ላይ የሚሆነው ያው ነገር ነው። ያልተለሰነ የሸክላ ገበቴ በጥላ ሥር አኑሮ ጧትና ማታ ውኃ መሙላት፣ በላዩም አንድ ጭልፋ ስብ የሌለበት መረቅ መጨመር ለውሻው በቂ ደስታ ነው። ገበቴው በሰንሰለቱ እንዳይገለበጥ ግማሽ ያህሉን መሬት ቈፍሮ መትከል ነው።

ከበዓሉ ሥነ ሥርዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ደጃፍ 12 ኩባያ አሰናድተን እንጠብቃችኋለን፤ 6ቱ የመረቅ፣ 6ቱ የዱባና የሙዝ ናቸው። የግቢያችን ጠባቂ ውሻ ለመቅመስ ፈቃደኛ ሆኖልናል። ዱባና ሙዙን ሰው ቢቀምሰውም አይጎዳውም፤ ጨውም ስኳርም እንደሌለበት ግን አስቀድመን እናስታውቃለን።